«የእናት እጅ» በዘጠኝ ሺህ ዎን፤ ስለ አንድ የኮርያ ምግብና መጠጥ ቤት የቀረበ ሒስ

ሒስ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው በመጽሐፍ ወይም በቴያትር ላይ የሚጻፈውን ነው። ነገር ግን ምግብ ቤትም እንደ ቴያትር ሁሉ አንድ ነገር ነኝ ብሎ በበሩ ላይ ጽፎ የሚከፈት ስለ ሆነ፥ ነኝ ያለውን መሆኑና አለመሆኑ ሊመረመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኔ የምመረምረው ቤት በደቡብ ኮርያ በቹንቾን ከተማ የሚገኝ፥ ስድስት ገበታ ብቻ ያለው፥ ቀን ምግብ፥ ማታ ደግሞ ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ትንሽ ቤት ነው። በ2025 ዓ.ም. መኸር በተማሪዎች ልውውጥ ወደዚያች ከተማ ሄጄ አንድ መንፈቅ በተቀመጥሁበት ጊዜ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን እዚያ እበላ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ለመጻፍ ፈቃድ አልጠየቅሁምና።

በበሩ መስተዋት ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የቤት ምግብ፥ የእናት እጅ ጣዕም» ይላል። የእጅ ጣዕም የሚሉት እኛ ስለ ባለሙያ ሴት «እጇ ይጣፍጣል» የምንለውን ነው። ኮርያዎች ሶንማት ብለው ይጠሩታል፤ ከቅመሙም ከድስቱም ሳይሆን ከሠሪዋ እጅ ብቻ ይገኛል የሚባል ጣዕም ነው። እንግዲህ ቤቱ በበሩ ላይ የሚናገረው፥ ምግብ ቤት ሳልሆን ቤት ነኝ እያለ ነው።

ከተመለስሁ በኋላ ለክፍላችን ውይይት ባቀረብሁት አጭር ጽሑፍ ይህ አባባል እውነት መሆኑን መስክሬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን «ያን ሁሉ ሳህን ማን ያጥበዋል?» ሲል ጠየቀ። ሰው ሣቀ፤ እኔም ሥቄ ወደ ሌላው ጥያቄ አለፍሁ። መልሱን ግን ዐውቀው ነበር፤ በጽሑፌ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ይህ ሁለተኛ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ስለ ዳኛውም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መጠጥ ቤት መግባት ቀርቶ ጠላ ቤት ባለበት መንገድ ሲያልፉ መታየት እንኳ ያስጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ በአገሬ አንድም ቀን ጠላ ቤት ሳልገባ በሰው አገር የመጠጥ ቤት ደንበኛ ሆንሁ። (በኮርያም የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ምእመናኑን ከመጠጥ ከልክለው ስለ ነበር እስከ ዛሬ የማይጠጡ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። ሳህኔን አጋብሼ ጽዋዬን ሳልነካው ስተወው ባለቤቲቱ ምክንያቱን ሳልነግራቸው የገባቸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።) ኮርያኛዬም ምግብ ለማዘዝ ይበቃል እንጂ ለመከራከር አይበቃም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቤቱ ባለውለታዬ መሆኑ ነው፤ ባለውለታን መተቸት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ውለታው እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንድ ምሽት ዝናብ እየዘነበ እራት ፍለጋ ወጣሁ። ቹንቾን የታወቀችው ታክካልቢ በሚባል ምግብ ነው፤ የዶሮ ሥጋ ተከትፎ፥ በበርበሬ ድልህ ታሽቶ፥ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋራ በገበታው መካከል በተጣደ ሰፊ ምጣድ ላይ ይበስላል። ሽታው መንገደኛውን ይጠራል። ገባሁና ስንት ናችሁ ሲሉኝ አንድ ጣት አነሣሁ። አስተናጋጁ ሁለት ክንዶቹን በደረቱ ላይ አመሳቀለ፤ የለም ማለቱ ነው። ምጣዱ ከሁለት ሰው በታች አይጣድም። በሁለተኛውም ቤት እንደዚሁ ሆነ። ይህ የቆየ የማዕድ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በደቡብ ኮርያ ዛሬ ከቤተ ሰቡ ቁጥር ከሲሶ የሚበልጠው ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ለብቻ መብላትንም ሆንባፕ የሚል ስም አውጥተውለታል። አብሮ መብላትን ያህል ደግ ልማድ፥ አብሮት የሚበላ የሌለውን ሰው በር ላይ የሚያስቀር አጥር ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው።

ሦስተኛው ቤት ይህ ነበር። ባለቤቲቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቈረጡ፥ ፈጣን ሴትዮ ናቸው። ያነሣሁትን ጣት አላዩም፤ ያዩት የረጠበውን ጫማዬን ነው። ጫማዬን አስወልቀው ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ፥ ከግድግዳው አጠገብ አስቀመጡኝና ሳላዝዝ ምግብ አመጡልኝ።

ያ ምግብ ፔክባን ይባላል፤ ነጭ ሩዝ፥ ሾርባ፥ ወጥና ባንቻን የሚባሉ ትናንሽ ማባያዎች አንድ ላይ የሚቀርቡበት ነው። በዚህ ቤት ማባያዎቹ ስድስት ነበሩ። ወጡ በትንሽ የሸክላ ድስት ውስጥ እየፈላ የሚመጣ የዴንጃንግ ወጥ ነው። ዴንጃንግ ማለት የአኩሪ አተር ድልህ ነው። አኩሪ አተሩ ተቀቅሎ ይወቀጥና እንደ ጡብ ተደርጎ ይደርቃል፤ ክረምቱን ተሰቅሎ ሻጋታ ካበቀለ በኋላ በጋን ውስጥ በጨው ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ወራት ሲያልፉ ፈሳሹ ተለይቶ የአኩሪ አተር ስጎ፥ ዝቃጩ ደግሞ ዴንጃንግ ይሆናል። ሽታው ለማያውቀው ሰው ይከብዳል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ትንፋሼን ይዤ ነው የበላሁት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከሽታው በስተ ኋላ ያለውን አገኘሁት፤ የቆየ፥ ጠለቅ ያለ፥ ጨው ብቻ ያልሆነ ጣዕም ነው። በውስጡ ቶፉ፥ ዝኩኒ መሳይ አትክልትና አረንጓዴ ቃርያ አለበት። የጾም ምግብ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ጽፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። መረቁ የሚወጣው ከጥቃቅን የደረቀ ዓሣ ነው። ኪምቺውም ቢሆን በጨው የቆየ ሽሪምፕና የዓሣ ስጎ ይገባበታል።

ኪምቺው የዚህ ቤት ኩራት ነው፤ የሚገባውም ነው። ሁለት ዓይነት ያቀርባሉ። አንደኛው ከሳምንት የማይበልጠው፥ ጎመኑ ገና ሲታኘክ የሚጮኸው ነው፤ ሁለተኛው ግን ከዓመት በላይ የቆየ፥ ቀለሙ የጠቈረ፥ ኮምጣጣነቱ ጥርስ የሚያጠርስ ነው። ሁለተኛው ከአሳማ ሥጋ ጋራ ተቀቅሎ ማታ ማታ ይቀርባል፤ በዚያ መንፈቅ ከበላሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። የተቀቀለው የበቀለ አኩሪ አተር በሰሊጥ ዘይት የታሸ፥ ንጹሕና ቀላል ነው። ስፒናቹም እንደዚሁ። ሁለቱ የቀሩት ማባያዎች ግን ስኳር የበዛበት የዓሣ ጥፍጥፍና በእንቁላል የተጠበሰ ሮዝ ቋሊማ ነበሩ፤ ሁለቱም የፋብሪካ ሥራ ናቸው። እነዚህ ከእናት እጅ ጋራ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ አብሮኝ ለሚማር ኮርያዊ ስነግረው ሣቀብኝ። ለአባቱ ትውልድ የእናት ምግብ ማለት ይኸው ቋሊማ መሆኑን ነገረኝ፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ለልጅ የትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚደረግ የክብር ምግብ ነበር። ስለዚህ ነቀፌታዬን ከቋሊማው ላይ አንሥቼ በዓሣው ጥፍጥፍ ላይ ብቻ አስቀራለሁ፤ እርሱ በማንም ትውልድ ቢሆን ጣፋጭነቱ በዝቷል።

የእናት ምግብ የሚባለው ነገር ምን ያህል ከእናት ውጭ እንደ ተሠራ ለማየት ግን ከቋሊማው ይልቅ የሩዙን ሳህን መመልከት ይሻላል። ሩዙ የሚቀርበው ክዳን ባለው ትንሽ የማይዝግ ብረት ሳህን ነው። በሄድሁበት ምግብ ቤት ሁሉ ያው ሳህን፥ ያው ልክ ሆኖ ስላገኘሁት የጥንት ባህል መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አገሪቱ ሩዝ ባነሣት ጊዜ መንግሥት ሰው ሩዝ እንዲቈጥብ ብዙ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ1969 በሳምንት ሁለት ቀን ምግብ ቤቶች በቀን ሰዓት ሩዝ እንዳይሸጡ ታዘዘ፤ በ1976 ደግሞ የሴኡል ከተማ አስተዳደር ምግብ ቤቶች ሩዝ የሚያቀርቡበት ሳህን አፉ 10.5 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ወሰነ። ሩዙ ከበቂ በላይ በዝቶ ፍጆታው በየዓመቱ በሚቀንስበት በዛሬው ጊዜ እንኳ ሳህኑ አልቀረም። እናት ልጇን የምታጐርስበት መስሎኝ የያዝሁት ሳህን የማዘጋጃ ቤት መስፈሪያ ኖሯል።

የመጠጡም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ማታ ሠራተኞችና ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የተጐዳጐደ ቢጫ የአሉሚኒየም ማንቈርቈርያና ሰፋፊ ጽዋ ይቀርባል። በውስጡ ያለው ማክጎሊ ነው፤ ከተቀቀለ ሩዝ፥ ከውሃና ኑሩክ ከሚባል የስንዴ እርሾ ጥፍጥፍ የሚጠመቅ፥ የአልኮሉ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በመቶ የሆነ ነጭ መጠጥ ነው። ጌሾ የለውም፤ እንጂ ድፍርስነቱ ጉሽ ጠላን ያስታውሳል ብለውኛል ሁለቱንም የቀመሱ። እኔ ሁለት ጊዜ ቀምሼዋለሁ፤ ጣፈጥና ኮምጠጥ ይላል፥ ምላስ ላይ ይነዝራል። ሥርዐቱ ደስ ያሰኛል። ማንም ለራሱ አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ይቀዳለታል። ታናሹ ለታላቁ በሁለት እጁ ይቀዳል፥ ሲጠጣም ፊቱን ዘወር ያደርጋል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ባሮ ሽንኩርት ያለበት የተጠበሰ ቂጣ፥ ፓጆን የሚባለውን፥ ከማክጎሊ ጋራ መብላት ልማድ ስለ ሆነ በዚያን ቀን ስድስቱም ገበታ ይሞላል።

ይህ መጠጥ በፊት በየቤቱ የሚጠመቅ ነበር፤ ጠማቂዎቹም ሴቶች ነበሩ። ጃፓኖች አገሪቱን በያዙ ጊዜ በ1916 የመጠጥ ቀረጥ ደንብ አወጡ፤ የቤት ጠመቃ ፈቃድም እየጠበበ ሄዶ በ1934 ጨርሶ ቀረ። ከነጻነት በኋላም ነገሩ አልተሻለም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሩዝ ለመጠጥ እንዳይውል ተከለከለና ማክጎሊ በስንዴ ዱቄት ይሠራ ጀመር። ክልከላው የላላው በ1977 ነው። ሰው በቤቱ ለራሱ እንዲጠምቅ የተፈቀደለት ደግሞ በ1995 ነው። በ2021 የማክጎሊ ጠመቃ የአገሪቱ ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሴቶች በቤታቸው ቢሠሩት የሚያስቀጣቸውን ሙያ፥ ተፈቅዶ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ቅርስ አሉት። በዚህ ቤት ያለው ማክጎሊም በፋብሪካ ጠርሙስ መጥቶ ወደ ማንቈርቈርያው ይገለበጣል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቲቱን አልወቅሳቸውም፤ ማንቈርቈርያው ግን ትንሽ ይዋሻል።

ኮርያዎች ስለ እንዲህ ያለ ቤት ሲናገሩ ጁማክ የሚባለውን የጥንት መንገደኛ ማረፊያ ያነሣሉ። በጆሶን ነገሥታት ዘመን በየመንገዱና በየወንዙ መሻገሪያ የነበረ፥ ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ ጠጥቶና በልቶ የከፈለ መንገደኛ ለማደሪያው ለብቻው አይጠየቅም ነበር። የመጨረሻው የሚባለው ጁማክ ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት በዬቾን አውራጃ፥ ሳምጋንግ በተባለ መንደር፥ በ1900 ገደማ የተሠራው ነው። የመጨረሻዋ ባለቤቱ በ2005 ሞቱ፤ ቤቱም ታድሶ ለጐብኚዎች ተከፈተ። በኩሽናው ግድግዳ ላይ በስለት የተጫሩ መስመሮች አሉ። ሴትዮዋ መጻፍ ስለማያውቁ፥ በዱቤ ለጠጣ ሁሉ ወደ ታች መስመር ይጭሩ ነበር፤ ሲከፍል በአግድም ይሰርዙታል። ይህን ጭረት ሰው የሚያየው እንደ ሥዕል ነው። ለእኔ ግን ስለ ጁማክ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ እውነት ያለው በእርሱ ላይ ነው፤ ደግ ነበሩ የተባሉት ሴት ሒሳብ ይይዙ ነበር፤ መያዝም ነበረባቸው።

የቹንቾኑ ቤት ግድግዳም የራሱ ጽሑፍ አለው። በሕግ መሠረት ማንኛውም ምግብ ቤት የሩዙን፥ የኪምቺውንና የሥጋውን የትውልድ አገር ጽፎ መስቀል አለበት። በዚህ ቤት ሠሌዳ ላይ፥ ሩዝ የአገር ውስጥ፥ ጎመን የአገር ውስጥ፥ የበርበሬ ዱቄት የቻይና ይላል። በየትኛው እናት ጓዳ ውስጥ ነው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የሚሰቀለው? ሆኖም ከበሩ ጽሑፍ ይልቅ ይህን ሠሌዳ ወድጄዋለሁ፤ ቤቱ ምን እንደ ሆነ ሳያፍር የሚናገርበት አንድ ቦታ ይኸው ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ማባያው ሲያልቅ ይጨመራል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ደንበኛው ሳህኑን ከፍ አድርጎ «ኢሞ!» ብሎ ይጣራል። ኢሞ ማለት የእናት እህት ማለት ነው፤ እኛ የአባትንም የእናትንም እህት አክስት ብለን እንጠራለን፥ እነርሱ ግን ለይተው ያውቃሉ፤ የአባት እህት ሌላ ስም አላት፥ ምግብ ቤት ውስጥም ማንም በዚያ ስም አይጣራም። የእናት ወገን የሚለግስ፥ የማይቈጣ፥ የማይቈጥር ስለሚባል ይሆናል። እኛም ጠላ ሻጯን «እማማ» ወይም «እትዬ» እንላለን፤ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። እኔም በሁለተኛው ሳምንት ኢሞ ማለት ጀመርሁ፤ ሳህን እያነሣሁ። ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ብሎ ለሚጠይቅ ኮርያዎች ጆንግ የሚል አንድ ቃል አላቸው፤ ፍቅርም፥ መላመድም፥ መተሳሰብም ማለት ነው ይላሉ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን ቃል ሰባት ጊዜ ጽፌው ነበር። ዛሬ እጠረጥረዋለሁ። ጆንግ ከተባለ በኋላ ሳህኑን ማን ያጥበዋል ብሎ መጠየቅ ነውር ይሆናልና።

የእኔ ጉዳይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረበት። ከየት እንደ መጣሁ ባወቁ ቀን ባለቤቲቱ ሩዜ ላይ የተጠበሰ እንቁላል ጨመሩልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ አልቀረም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ፑሳን ወደብ ወርደው ከሌሎቹ የተባበሩት መንግሥታት ጦሮች ጋራ መዋጋታቸውን በቹንቾን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። በከተማው በኮንግጂቾን ወንዝ ዳር የቆመውን ሐውልት ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በ1968 በተገኙበት ተመርቋል፤ ከአጠገቡ በዚያው ዓመት የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፤ በ2007 ደግሞ መታሰቢያ አዳራሽ ተጨምሮበታል። እኔ ግን ወታደር አልነበርሁም፤ ከዘመዶቼም እዚያ የዘመተ የለም። ሰዎች በደማቸው ያኖሩትን ዕዳ በእንቁላል ስቀበል አፍሬ፥ ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ቋንቋዬ አልበቃም፤ ወይም ኢሞ መስማት አልፈለጉም። እንቁላሉን በላሁት።

በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። በስተ ጀርባ ድምፅ ሰምቼ ዞር ብሄድ፥ በጓሮው ሦስት ሴቶች ወገባቸውን አጕብጠው ጎመን በጨው ሲያሹ አየሁ። ለሁለት የተሰነጠቀ ጎመን በየገንዳው ተከምሯል፤ መቶ ድረስ ቈጥሬ ተውሁት። ይህ የክረምት ኪምቺ ዝግጅት ኪምጃንግ ይባላል፤ ዩኔስኮ በ2013 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። መዝገቡ የሚያመሰግነው ሥራው በጎረቤት መካከል መከፋፈሉን ነው፤ እውነት ነው፥ ከሦስቱ አንዷ ጎረቤት ነበሩ። ቀዝቃዛው ውሃ ግን እጃቸውን እስከ ክርናቸው አቅልቶት ነበር። በአገራችን እናቶች በርበሬ የሚደልዙበትን ሳምንት ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ፥ ያችን ሦስተኛዋን ሴት ከዚያ በፊት አይቼአቸው አለማወቄ ነው። የባለቤቲቱ ታናሽ እህት ናቸው። ለካ ሦስት ወር ሙሉ በየዕለቱ ከመጋረጃው በስተ ኋላ የነበሩት እርሳቸው ኖረዋል፤ የምሰማው የሳህን ድምፅ የእርሳቸው ነበር። እህት ናቸውና በእውነት አክስት ለመባል ለአንድ ሰው የሚገባቸው እርሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ማንም ስለማያያቸው ኢሞ ብሎ የጠራቸው የለም።

ከዚያ በኋላ መቍጠር ጀመርሁ። አንድ ሰው በልቶ ሲነሣ፥ የሩዝ ሳህንና ክዳን፥ የሾርባ ሳህን፥ የሸክላ ድስት፥ ስድስት የማባያ ሳህኖች፥ ዐሥር ዕቃ ትቶ ይሄዳል፤ ማንኪያውን፥ ሁለቱን የብረት መብያ ዘንጎችና ኩባያውን ሳይጨምር። በአንድ የምሳ ሰዓት ሠላሳ ሰው ቢገባ ሦስት መቶ ዕቃ ነው። በ2025 በአገሪቱ ሕግ የአንድ ሰዓት ሥራ ዝቅተኛው ዋጋ 10,030 ዎን ነበር። የእኔ ምሳ ዘጠኝ ሺህ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ጕልበት ባነሰ ዋጋ ሩዝ፥ ሾርባ፥ ወጥ፥ የዓመት ኪምቺ፥ ስድስት ማባያና እንደ ወደድሁ ጭማሪ እበላ ነበር። በጥናት ወረቀቴ ላይ «ነጻ» ብዬ የጻፍሁት ማባያ ነጻ የሚሆነው የሁለቱ እህቶች ሰዓት ካልተቈጠረ ብቻ ነው። በኮርያ በ2020 ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነው ሰዎች አርባ በመቶ ያህሉ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች ነበር። እነዚህ እህቶች ከዚያ ቁጥር ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅሁም፤ በዚያ ዕድሜ ከጧት እስከ ሌሊት የሚሠሩት ግን ጆንግ ስለሞላባቸው ብቻ አይመስለኝም።

ምናልባት አንባቢ፥ ታዲያ ቤቱ መጥፎ ነው? ይለኝ ይሆናል። አይደለም። በዚያች ከተማ ከበላሁበት ሁሉ ምግቡ የሚበልጠው እርሱ ነው፤ ብቻዬን የመጣሁትን ሰው ያስገባኝም እርሱ ነው። እኔ የምተቸው በበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ያን ጽሑፍ አምኖ የሚገባውን ደንበኛ፥ ከሁሉ በፊትም ራሴን ነው። ምግብ ቤት ነኝ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ዋጋው ማነሱን በመጀመሪያው ቀን አየው ነበር። ቤት ነኝ ስላለ፥ በቤታችን እናታችንን ስንት ሰዓት ሠራሽ ብለን እንደማንጠይቅ ሁሉ፥ አልጠየቅሁም። እናቴ ዛሬ ይህን ብታነብ ምን እንደምትል አላውቅም።

በዲሴምበር ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ለመጨረሻ ጊዜ ሄድሁ። በረዶ ይጥል ነበር፤ ሌላ ደንበኛ አልነበረም። የቆየውን ኪምቺ ከአሳማ ሥጋ ጋራ በላሁ፤ እንቁላሉም ነበር። በልቼ ስጨርስ ዐሥሩን ዕቃ ደራርቤ ተነሣሁና መጋረጃውን ገልጬ ወደ ኩሽናው ልገባ ስል ባለቤቲቱ ሮጠው መጥተው ከእጄ ቀሙኝ። እስከዚያ ቀን ሲጠሩኝ «ሀክሴንግ» ይሉኝ ነበር፤ ተማሪ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ቈጣ ብለው «ሶንኒም» አሉኝ። ሶንኒም እንግዳም ማለት ነው፥ ደንበኛም ማለት ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ እህታቸውን አየኋቸው፤ ቢጫ የጎማ ጓንት አጥልቀው ወደ እኔ ዞረው ነበር። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ «ኢሞ» አልኋቸው። ሣቁና ፊታቸውን ወደ ገንዳው መለሱ። ዘጠኝ ሺህ ዎኑን ከፍዬ፥ ጫማዬን አደረግሁና ወጣሁ።